ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ በሽምደዳ አይገባም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ማለትም የካርቦን ውህዶች ጥናት፣ የሽምደዳ ትምህርት ነው ሲባል ያናድደኛል። እኔም ተማሪ ሳለሁ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ሌክቸር ላይ መምህሩ ሰሌዳውን በቀስት ይሞላዋል፣ እኛ እንገለብጣለን፣ ለፈተና እንሸመድዳለን፣ በሳምንቱ ብን ብሎ ይጠፋል። ቀስቱ እኮ የኤሌክትሮን ጉዞ ነው፤ ከበዛበት ተነስቶ ወደ ጎደለበት ይሄዳል። ይቺን የያዘ ሰው መቶ ሪአክሽን በቃሉ መያዝ አያስፈልገውም።

ለእኔ ነገሩ የገባኝ ላቦራቶሪ ውስጥ አስፒሪን ስንሠራ ነው። ሳሊሲሊክ አሲድና አሴቲክ አንሃይድራይድ ቀላቅለን፣ ጥቂት ጠብታ ሰልፈሪክ አሲድ ጨምረን አሞቅነው፤ ከዚያ ውኃ ጨምረን በረዶ ውስጥ አስቀመጥነው። ምንም የለም። የብልቃጡን ግድግዳ ከውስጥ በመስታወት ዘንግ ፋቅ ፋቅ ሳደርገው ነጭ ክሪስታል ዓይኔ እያየ መውረድ ጀመረ! ከእሱ ቆንጥረን ፌሪክ ክሎራይድ ጠብ ስናደርግበት ግን ወይን ጠጅ ሆነ፤ ይህን ቀለም የሚያመጣው ፌኖል የሚባለው የሞለኪውል ክፍል ነው፣ እሱ ደግሞ ያለው ሳሊሲሊክ አሲድ ላይ እንጂ አስፒሪን ላይ አይደለም፤ ስለዚህ ያልተለወጠ ሳሊሲሊክ አሲድ ቀርቷል ማለት ነው። እንደገና አሟሙተን፣ አቀዝቅዘን፣ አጣራነው። በሁለተኛው ሙከራ ቀለሙ የለም። ፌኖል ምን እንደሆነ ከዚያን ቀን ወዲህ ረስቼ አላውቅም።

አሁን የላቦራቶሪ ሰዓት እየተቀነሰ በቪዲዮ ሲተካ ሳይ ያሳዝነኛል። ቪዲዮ ላይ ክሪስታሉ ሁሌም ይወርዳል። ዩኒቨርሲቲዎች እባካችሁ ሰዓቱን አትንኩት፣ ደግሞም ሌክቸሩና ሙከራው በአንድ ሳምንት ይግጠሙ፤ እኛ ስለ ኤስተር፣ አስፒሪን ስለሚመደብበት የውህድ ዓይነት፣ የተማርነው አስፒሪኑን ከሠራን ከወር በኋላ ነበር።

አንድ የኬሚስትሪ ምሩቅ