ከምርቃቱ ማግስት የት ትደር?

ክቡር አዘጋጅ፣

ከጎዳና ተነሥተው ሙያ ስለተማሩ ሴቶች ብዙ ጊዜ ዜና ይወጣል። ፎቶግራፉ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሴቶቹ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው የምስክር ወረቀታቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ተደርድረዋል፤ ከጎን ባለሥልጣን አለ፣ ከኋላ ባነር ተሰቅሏል። እኔም በእንዲህ ዓይነት ፎቶግራፎች ጥግ ላይ ብዙ ጊዜ ቆሜያለሁ። የልብስ ስፌት አሠልጣኝ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የሴቶች መጠለያ ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ። የምጽፍላችሁ ፎቶው ከተነሣ በኋላ ባለው ምሽት ስለሚሆነው ነገር ነው።

እኔ ባስተማርኩበት መጠለያ የቆይታው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ለነፍሰ ጡርና ለአራስ ይራዘማል። ሦስት ወር ሲባል ረጅም ይመስላል። የመጀመሪያውን ወር አብዛኞቹ የሚያሳልፉት በእንቅልፍ ነው። ጎዳና ላይ ያለች ሴት ሌሊት አትተኛም፤ የምትተኛው ቀን ቀን ነው፣ እሱንም ሰው በሚበዛበት ቦታ፣ ለምን እንደሆነ ማንም ይገባዋል። በሁለተኛው ወር ሰው ስም ሲጠራት መደንገጧን ትተዋለች። በሦስተኛው ወር እጇ መርፌ ይይዛል፣ ቀጥ ያለ ስፌት ትሰፋለች። ሙያው ገና ሊጀመር ሲል ቀኑ ይደርስና ብርድ ልብስ፣ ጥቂት ብርና አንድ ወረቀት ይዛ በመጣችበት በር ትወጣለች። “በርቺ” እንላታለን። እኔም ብዬአለሁ።

አንዷን ልንገራችሁ። ስሟን አልጠራም። በልጅነቷ ከወሎ መጥታ ሰው ቤት ያደገች፣ በተቀጠረችበት ቤት አርግዛ በስድስተኛ ወሯ የተባረረች ናት። ለገሃር አካባቢ ነበር የምታድረው። ስታስተምሯት የማትረሱት ዓይነት ተማሪ ነበረች። ልጇን አዝላ ፔዳሉን ስትረግጥ ሕፃኗ በማሽኑ ድምፅ እንቅልፍ ይወስዳታል፤ ማሽኑ ሲቆም ትነቃለች። ስለዚህ እናትየዋ ክር ሲበጠስባት ራሱ በባዶው ትረግጥ ነበር። አምስት ወር ቆይታ ወጣች። ከአራት ወር በኋላ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ፣ ታክሲ ተሰልፌ፣ ሶፍትና ማስቲካ ይዛ ወደ ተሰለፈው ሰው ስትመጣ ተገጣጠምን። ቀድማ ያየችኝ እሷ ናት። ፊቷን አዙራ ልትሄድ ስትል ጠራኋት።

ምን ሆነሽ ነው ብዬ ስጠይቃት አላለቀሰችም፤ እንደ ሂሳብ ቆጠረችልኝ። አንድ የልብስ ስፌት ቤት ፈትኗት ወዷት ነበር፤ ተያዥ አምጪ አላት። ተያዥ ከየት ታምጣ? ተመላላሽ ሆና ልብስ ማጠብ ጀመረች። ቤት ልትከራይ ስትሄድ አንዱ አከራይ የስድስት ወር ቅድሚያ ጠየቃት፣ ሌላዋ “ልጅ ካለሽ አይሆንም” አለቻት። መርካቶ በአዳር በሚከፈልበት ክፍል ከሌሎች ሴቶች ጋር ስታድር ልጇ ሌሊት ታለቅሳለች፤ በአራተኛው ቀን ሌሎቹ አጉረመረሙና ባለቤቱ አስወጣት። ከዚያ በኋላ ያለውን መናገር አላስፈለጋትም። ቦርሳዋን ስትከፍት ግን አንድ አዲስ ጓጉንቸር አየሁ፣ ቁልፎቹ ገና በሽቦው እንደተንጠለጠሉ። በመጀመሪያው ደመወዟ የገዛችው እሱን ነው። በር ሳይኖራት ቁልፍ ገዝታ ነበር።

ይህችን ልጅ ስንፍና አይደለም ወደ ጎዳና የመለሳት። ሙያም አላነሳትም። በመጠለያውና በራሷ ቤት መካከል መሻገሪያ ስላልነበረ ነው የወደቀችው። በሌላ አገር ለዚህ ጊዜ ተብሎ የሚሠራ ቤት አለ፤ እኔ በአማርኛ መሸጋገሪያ ቤት እለዋለሁ። ከመጠለያ የምትወጣ ሴት አንድ ወይም ሁለት ዓመት የምትቆይበት፣ የራሷ በርና የራሷ ቁልፍ ያለው አንድ ክፍል ነው። መጀመሪያ አትከፍልም፤ ሥራ ስትይዝ ትንሽ ትከፍላለች፤ ገቢዋ ሲጨምር ኪራዩም ይጨምራል። እዚያው ግቢ የሕፃናት ማቆያ ይኖራል፣ በሳምንት አንድ ቀን የምታያት ማኅበራዊ ሠራተኛ ትኖራለች። የአዳር ቁጥጥር፣ መብራት የሚጠፋበት ሰዓት፣ ተሰልፎ መብላት የለም። ራሷ ገዝታ ራሷ ታበስላለች። ይህ የመጨረሻው ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ዓመታት በሰው እጅ የበላች ሴት የራሷን ሽሮ ስትሠራ አይቼ ግን ትንሽ አለመሆኑን አውቄአለሁ።

አሁን ያለው አሠራር ምን ላይ እንደሚሰበር የሚያውቁት ሴቶቹ ናቸው። መታወቂያ እንውሰድ። የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞ ቀበሌ መሸኛ ይጠየቃል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎታል፤ ከዚያ በታች ተድራ ያመለጠች ልጅ ግን መሸኛ ፍለጋ ስትመለስ የምታገኘው የሸሸችውን ቤተሰብ ነው። ስለዚህ አትመለስም። መሸኛ ከሌለ መታወቂያ የለም፤ መታወቂያ ከሌለ የባንክ ደብተር፣ የኪራይ ውል፣ ቅጥር ይቸግራል። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ ይህንን በከፊል አቅልሎታል። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ሰነድ የሌለው ሰው ፋይዳ ባለው ምስክር እንዲመዘገብ ይፈቅዳል፤ እኔም ለሁለት ተማሪዎቼ መስክሬአለሁ። ሆኖም ፋይዳ ማን መሆንሽን ይናገራል እንጂ የየት ነዋሪ መሆንሽን አይናገርም። ወረዳ ስትሄጂ አሁንም የቤት ቁጥር ትጠየቂያለሽ። የቤት ቁጥር ደግሞ ቤት ላላት ነው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320ን፣ በጉጉት ነበር የተቀበልኩት። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲሆንና በጽሑፍ እንዲደረግ፣ ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ እንዲከፈል ይላል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ለብዙ ተከራይ ጠቅሟል ብዬ አምናለሁ። ከመጠለያ የወጣች ሴት ግን መታወቂያ ከሌላት ውሉ ላይ መፈረም አትችልም፣ የባንክ ደብተር ከሌላት በባንክ መክፈል አትችልም። አከራዩ ስድስት ወር ሲጠይቃት ሕግ አለ ብላ ልትከራከር ይቅርና የሚያናግራት በማግኘቷ ታመሰግናለች።

የኮንዶሚኒየሙም ነገር እንዲሁ ነው። ለሴቶች 30 በመቶ ኮታ መያዙ ትልቅ ነገር ነበር፤ እንጀራ ጋግረው፣ ጉልት ሸጠው ቆጥበው ቤት ያገኙ ሴቶች አውቃለሁ። ዕጣው ግን በ1997 እና በ2005 ለተመዘገበና ለቆጠበ ነው። በ2005 ዓ.ም. ላስቲክ ሥር የነበረች ልጅ ምን ብላ ትመዘገብ ነበር? ከዚህ በፊት እነዚህ ሴቶች የሚሸሸጉት ፒያሳ፣ ካዛንቺስ፣ እሪ በከንቱ አካባቢ በነበሩት ጭቃ ቤቶች ውስጥ ነበር፤ ለአንዲት ተመላላሽ የምትችለው ኪራይ የነበረው እዚያ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ እነዚያ ሰፈሮች ተነሥተዋል። ሰፈሮቹ ለኑሮ ምቹ ነበሩ አልልም፣ ሽንት ቤታቸውንም ጣሪያቸውንም አውቀዋለሁ። የቀበሌ ቤት ውል የነበረው ምትክ አግኝቷል። ከባለውሉ ላይ አንድ ጥግ ተከራይታ የነበረችው ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ አልነበረችም።

ከዓረብ አገር የሚመለሱትም አሉ። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ዜጎቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለሱ ቦሌ ላይ ቆመን ያየን አንረሳውም። በ2012 ቤይሩት አሠሪዎቻቸው ቆንስላችን በር ላይ የጣሏቸውን ልጆችም በቴሌቪዥን አይተናል። ሲመለሱ ጥቂት ቀን ማረፊያና ወደ ትውልድ ቦታ የሚወስድ የትራንስፖርት ገንዘብ ይሰጣቸዋል። ቤተሰቧ በሬ ሸጦ፣ ተበድሮ የላካት ልጅ ባዶ እጇን እዚያ መንደር መግባት አትችልም። አውቶቡስ ተራ ድረስ ትሄድና እዚያው ትቀራለች። ደላላው የሚጠብቃትም እዚያው ነው።

መጠለያዎቹን ለመውቀስ አይደለም። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ለረጅም ዓመታት ለተደፈሩና ለተደበደቡ ሴቶች በሩን ከፍቶ ኖሯል፤ አጋር ኢትዮጵያ ከስደት አእምሯቸው ተጎድቶ የተመለሱትን ይቀበላል። የከተማው አስተዳደርም ለነገዋ የተባለውን የሴቶች ተሃድሶና ክህሎት ማበልጸጊያ ማዕከል ሠርቷል፤ በዓመት 10 ሺህ ሴቶችን የመቀበል አቅም እንዳለው ተነግሮናል። ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ ነው። ጥያቄዬ ግን ከዚህ ቁጥር ይጀምራል። 10 ሺህ ሴት በዓመት የምትገባበት ቤት፣ በዓመት 10 ሺህ ሴት የምትወጣበት ቤት ነው። በወጡበት ምሽት የሚያድሩበትን ቦታ አብሮ ያሰበ አለ ወይ?

አንድ ነገር ደግሞ ማንም ሲያነሣው አልሰማሁም፤ የወንድ ልጆች ነገር። እኔ በነበርኩበት መጠለያ ከአሥር ዓመት በላይ የሆነ ወንድ ልጅ ከእናቱ ጋር አይገባም ነበር። ምክንያቱ ይገባኛል፤ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሃያ ሴቶች የሚተኙበት ቦታ ነው፣ የተጎዱ ልጃገረዶች አሉ። ነገር ግን የአሥራ አንድ ዓመት ልጇን በር ላይ ተሰናብታ የገባች እናት አይቻለሁ። ታናናሾቹን ይዛ ገባች፤ እሱ ወደ መጣበት ሄደ። ከሰዓት በኋላ አጥር ሥር መጥቶ ያፏጫል፣ እሷ ከምሳዋ የተረፈውን ዳቦ በፌስታል ታቀብለዋለች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን መጣሁ ብሎ አልመጣም። እሷም በማግስቱ ትንንሾቹን ይዛ ወጣች። መዝገቡ ላይ “በራሷ ፈቃድ ለቃለች” ተብሎ ተጻፈ። የራሱ በር ያለው ክፍል ቢኖር ይህ ልጅ ከእናቱ ጋር ይተኛ ነበር።

ገንዘብ የለም እንደሚባል አውቃለሁ። ሁለተኛ ጊዜ ወደ መጠለያው የምትመለስ ሴት ግን ወጪ አላት፤ እንደገና ምግብ፣ እንደገና ሕክምና፣ እንደገና ሥልጠና ነው። ደግሞም በሁለተኛው ጊዜ ያቺው ሴት አይደለችም የምትመጣው። የሰው ፊት ጠብሷታል። “አይሆንልኝም” የሚለውን አምናው ትመጣለች፤ ማሽኑ ላይ ስትቀመጥ እጇ ያውቃል፣ ልቧ ግን የለም። ክፍሎቹ ከየት ይምጡ ለሚለው፣ ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ በከተማችን ትልቁ አከራይ መንግሥት ራሱ ነው። አስተዳደሩ በየጊዜው ባደረገው ቆጠራ ተዘግተው የተገኙ የኮንዶሚኒየም ቤቶች እንዳሉ ነግሮናል። በየሳይቱ ጥቂት ስቱዲዮዎች ለዚህ ቢያዙ፣ ባለቤትነታቸው የከተማው ሆኖ ሴቶቹ እየተፈራረቁ ቢኖሩባቸው፣ አዲስ ሕንፃ እንኳ መሥራት አያስፈልግም። የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮና የቤቶች አስተዳደር አንድ ላይ ቢቀመጡ የሚያልቅ ጉዳይ ነው። የክፍሉ ቁጥር የቤት ቁጥሯ ይሁንላት፤ መታወቂያዋ ከዚያ ይውጣ። መጠለያውም ለአሠሪዎች ተያዥ ይሁን።

ይህንን ስጽፍ የራሳችንን ድርሻ ዝም አላልኩም። ባለፈው ወር በሰፈራችን እድር ስብሰባ ላይ እድሩ ለእነዚህ ሴቶች ተያዥ ይሁን ብዬ ጉዳዩን አነሣሁት። ገንዘብ ያዥዋ ፈሩ፣ “ነገ ዕቃ ሰርቃ ብትጠፋ እድሩ ይከሰሳል” አሉ፤ ያጠፉ አይመስለኝም፣ የእድር ገንዘብ የቀብር ገንዘብ ነው። የእድሩ ዳኛ ጋሼ ግን “እኛ ለሞተ ድንኳን እንተክላለን፣ በሕይወት ላለ ፊርማ ብንሰጥ ምን እንሆናለን?” ብለው ጠየቁ። ሁለት ሰዓት ተከራክረን ለሁለት ሴቶች እድሩ ተያዥ እንዲሆን ተስማማን። አንዷ ቅድም የነገርኳችሁ ናት። በዕቃ ቤታችን ጎን፣ ድስትና ወንበር የምናስቀምጥበት ባዶ ክፍል ነበር፤ አጽድተን፣ ኖራ ቀብተን፣ በሩን አስተካክለን ሰጥተናታል። ጓጉንቸሩን በሩ ላይ አድርጋዋለች።

በዚያ ክፍል አድራሻ መታወቂያ እንዲሰጣት ለወረዳው የጻፍነው ደብዳቤ ከገባ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ልጇ መስከረም ላይ መዋዕለ ሕፃናት መግባት አለባት፣ ለዚያ ደግሞ የልደት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፣ ለልደት ምስክር ወረቀቱ ደግሞ የእናት መታወቂያ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከጋሼ ጋር እንደገና እንሄዳለን።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የልብስ ስፌት አሠልጣኝ
ከአዲስ አበባ