ለልጄ፣ ማሪምባ ላይ ስለመደቡህ

አባቴ እንዴት ነህ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው ስትደውል ከድራም አንስተው ማሪምባ ላይ መደቡኝ ብለህ እንዳዘንክ ገብቶኛል፣ እኔ ግን ከልቤ ደስ ነው ያለኝ።

የዚህን በመምቻ የሚመታ፣ እንጨት የተደረደረበት ዕቃ መሠረት ወደ መካከለኛው አሜሪካ ያሻገሩት ከአፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ናቸው፣ ድሮ ከእያንዳንዱ እንጨት ስር ቅል ነበር የሚንጠለጠለው፣ አንተ ጋ ያለው የብረት ቱቦ በሱ ቦታ የገባ ነው፣ ቱቦው ከሌለ ድምፁ ኮስሶ ይቀራል። ጓቲማላዎች የሀገር መለያችን ነው ይሉታል፣ እነሱ ደግሞ ከእንጨቱ ስር በሚንጠለጠለው ታችኛው ጫፍ ላይ ቀዳዳ ያበጁና ስስ የአሳማ አንጀት በሰም ይለጥፉበታል፣ እንጨቱ ሲመታ ዝዝዝ እንዲል። ይሄን ሳነብ በገናዬን ነው ያየሁት! እኛስ አውታሩ ስር ቁራጭ ቆዳ የምናስገባው ለዚሁ አይደል፣ ያ ንዝረት ከሌለ የምን በገና።

ሙላቱ አስታጥቄ የሚጫወተው ቫይብራፎን ብረት ነው ፔዳልም አለው፣ ድምፁ ይቆይለታል። ያንተው እንጨት ስለሆነ ቶሎ ይጠፋል፣ ረጅም ድምፅ ስትፈልግ ሁለት እጅህን እያፈራረቅክ ቶሎ ቶሎ መምታት ነው፣ ሮል የሚሉት። ከባዱም የሚያምረውም እሱ ነውና እንዳይሰለችህ።

ማጀቢያ ብቻ ነው የሚልህንም አትስማ። በፈረንጅ 1940 ኒውዮርክ ካርኔጊ ሆል የሚባለው አዳራሽ ሩት ስቱበር የምትባል ሴት የፖል ክሬስተንን ኮንሰርቲኖ የሚባል ድርሰት፣ ኦርኬስትራ እያጀባት፣ በማሪምባ ተጫውታዋለች። ጃፓናዊቷ የማሪምባ ተጫዋች ኬይኮ አቤ ደግሞ ከመሣሪያ ሠሪው ያማሃ ጋር ሠርታ ባለ አምስት ኦክታቩ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ አንድ ኦክታቭ ነው) ማሪምባ እንዲመጣ አድርጋለች፣ ቪድዮዋን ፈልገህ እጇን ብቻ እየው።

አንድ ነገር ልለምንህ፣ የትዝታን ቅኝት ሞክርበት። ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፣ አምስት ድምፅ ነው። ከወፍራሙ ጎን ጀምር፣ ለስላሳውን መምቻ ያዝ፣ ጠንካራው ትልልቆቹን እንጨቶች ይጎዳል። በገና ዘፈን አይዘፈንበትም እንጂ በትዝታ ቅኝት ይደረደርበታል፣ ስለዚህ ስትልክልኝ አብሬህ እቃኛለሁ። ሲለምድልህ ወደ ባቲ ቅኝት ትሄዳለህ።

ቀድተህ በቴሌግራም ላክልኝ፣ ቢሳሳትም ላከው። አክስትህን ሳምልኝ።

እናትህ