የሮቦቲክስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ «ቲቸር፣ ምን ዲፓርትመንት ልሙላ?»

የክበብ ዘገባ ሲባል ስንት አባል ተመዘገበ፣ ምን ተሸለማችሁ የሚል ነገር ነው የሚጠበቀው መሰለኝ። ሽልማት የለም፣ ስለዚ እሱን እዚሁ ጨርሰናል። አባላት መስከረም ላይ ላቡን ሞልተውት ነበር፣ ከመጀመሪያው ሚድ በኋላ ግማሹ ጠፋ፣ የቀሩት ግን ቅዳሜ ጠዋት ከጥበቃው ቀድመው በር ላይ የሚቆሙ ልጆች ናቸው። እኔ ዘንድሮ መጻፍ የፈለኩት 12ኛ ክፍል ያሉት አባላት ዓመቱን ሙሉ ስለነዘነዙኝ ጥያቄ ነው፣ ሮቦቲክስ መስራት የሚፈልግ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ምን ይማር?

መጀመሪያ ግን የሰራነውን ልንገራችሁ፣ መልሱም እዛው ውስጥ ስላለ።

አንደኛው ሴሚስተር መስመር ተከትላ የምትሄድ መኪና ላይ አለቀ። ነጭ ወለል ላይ ጥቁር ፕላስተር ትለጥፋለህ፣ ከመኪናዋ ስር ያሉት ሴንሰሮች ብርሃን ይለቃሉ፣ ነጩ ይመልሰዋል ጥቁሩ ይውጠዋል፣ አርዱይኖ የምትባለው ትንሿ ኮድ የሚጫንባት ሰሌዳ ያንን እያነበበች ጎማዎቹን ታዛለች። ቀላል ነው፣ ሁሉም ክበብ ይሰራዋል፣ ብዙ አልልም። መኪናዋ እንደ ኤሊ ስትሄድብን ግን ልጆቹ ሁሉ ባትሪው ደክሞ ነው ብለው ነበር፣ ባትሪው ጤነኛ ነው፣ ኤል 298 የሚባለው ርካሹ የሞተር ድራይቨር ነው ሁለት ቮልት ገደማ በሙቀት መልክ የሚበላው።

ሁለተኛው ሴሚስተር የሮቦት ክንድ ነው የሰራነው፣ ዘገባው ያለው እዚ ላይ ነው። ከስስ ጣውላና ከትንንሽ ሰርቮ ሞተሮች (የታዘዙት ዲግሪ ላይ ሄደው የሚቆሙ ሞተሮች ናቸው)፣ እነዛ ሰማያዊዎቹ ኤስጂ 90 ከሚባሉት፣ የተሰራ ክንድ ነው፣ አንድ ትንሽ እቃ ከጠረጴዛ አንስቶ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ነው ስራው። ተገጠመ፣ ተሰካ፣ አልነሳም አለ። ትከሻው ይንጫጫል እንጂ አይነሳም። አንዷ የ11ኛ ክፍል ልጅ ሰሌዳ ላይ ወጥታ አሰላችው፣ ሰርቮው በ4.8 ቮልት 1.8 ኪሎግራም ሴንቲሜትር ቶርክ፣ ማለትም የማዞር ጉልበት፣ ነው ያለው፣ 100 ግራም እቃ ከትከሻው 20 ሴንቲሜትር ርቆ ሲያዝ ደግሞ 2 ይጠይቃል፣ የክንዱ የራሱ ክብደት ገና ሳይደመር ማለት ነው። ስለዚ እንዴት ይነሳል? ክንዱ አጠረ፣ ትከሻው ላይ ባለብረት ጥርስ ትልቅ ሰርቮ ገባ፣ ተነሳ።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ሁለት ሰርቮ አንድ ላይ ሲንቀሳቀስ አርዱይኖው ይጠፋና እንደገና ይነሳል፣ ክንዱም ወደ መጀመሪያ ቦታው ይፈነጠራል። ኮዱን የጻፈው ልጅ ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ ኮዱን ቤቱ ወስዶ እንደ አዲስ ጽፎት መጣ፣ ያው ነው። ዝም ብሎ ጥግ ላይ የሚቀመጥ አንድ ልጅ አለን፣ መልቲሜትሩን ይዞ መጣና 5 ቮልቱ ላይ አስቀምጦ አንቀሳቅሱት አለ፣ ቮልቴጁ ሞተሮቹ በተነሱ ቁጥር ይወርዳል። ሞተር ሲነሳ የሚስበው ከረንት ብዙ ነው፣ እኛ ደግሞ ሁሉንም ሞተር ከአርዱይኖው ላይ ነበር የምንመግበው። ለሞተሮቹ የራሳቸው ፓወር ሰጠን፣ ግራውንዱን አንድ ላይ አሰርን፣ ቮልቴጁ ድንገት እንዳይወርድ ቻርጅ የሚይዝ አንድ ካፓሲተር ጨመርን፣ አለቀ።

ከዛ ደግሞ ክንዱ ይነሳል ግን የሚሄደው የፈለገበት ነው። እቃው እዚ ጋ ነው ብለህ ብትነግረው እሱ የሚያውቀው ዲግሪ ብቻ ነው፣ ትከሻ ስንት ዲግሪ ክርን ስንት ዲግሪ፣ ቦታውን ወደ አንግል መቀየር ያንተ ስራ ነው። ኢንቨርስ ኪነማቲክስ ይሉታል፣ ባለሁለት አጥንት ክንድ ከሆነ ግን ከሦስት ማዕዘን ጎኖች አንግሉን የሚያወጣው ኮሳይን ሎው ነው በቃ፣ ልጆቹ ፈተና ላይ ጽፈው የረሱት ኮሳይን ሎው። አንድ ነገር ያስገረማቸው መልሱ ብዙ ጊዜ ሁለት መሆኑ ነው፣ ክርኑ ወደ ላይ ሆኖም ወደ ታች ሆኖም እዛው ነጥብ ላይ ይደርሳል፣ ወደ ታች ያለውን ከመረጥክ ግን ክርኑ ጠረጴዛውን ይመታል። ኮድ የሚጽፈው ልጅ እዚ ላይ አበበ፣ ብሎን የነካ አይመስለኝም ዓመቱን ሙሉ።

እንግዲህ ቲቸር ምን ልሙላ ላላችሁኝ፣ ሦስቱ ችግሮች የሦስት ዲፓርትመንት ችግሮች ናቸው፣ ሜካኒካል፣ ኤሌክትሪካል፣ ኮምፒዩተር። ሮቦቱ ሲበላሽ የትኛው ጋ ነው ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ የምትቆየው? ለልጆቹ የነገርኳቸው እሱን ነው። ቶርክ ያሰላችውን ልጅ ኮምፒዩተር ሳይንስ ግቢ አልላትም፣ ምንም እንኳ አሁን ሁሉም ሰው ኤአይ ኤአይ ቢል።

ማስረጃ ለሚፈልግ፣ ሩምባ የምትባለውን ቤት የምትጠርግ ሮቦት ያወጣውን አይሮቦት የሚባለውን ካምፓኒ እ.ኤ.አ. በ1990 የመሰረቱት ሦስት ሰዎች ናቸው። ኮሊን አንግል ኤምአይቲ የመጀመሪያ ዲግሪው ኤሌክትሪካል ነው፣ ሄለን ግራይነር እዛው ሜካኒካል፣ ሮድኒ ብሩክስ ደግሞ አውስትራሊያ ሂሳብ ነው የተማረው፣ ፒኤችዲውን ነው በኮምፒዩተር ሳይንስ የሰራው። ሦስቱም በሮቦቲክስ ዲግሪ አልጀመሩም፣ ሊጀምሩም አይችሉም፣ አሜሪካ ውስጥ በሮቦቲክስ ኢንጂነሪንግ የመጀመሪያ ዲግሪ መስጠት የጀመረው የዎስተር ፖሊቴክኒክ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ስለዚ እኛ አገር ሮቦቲክስ የሚል ዲፓርትመንት አጣሁ ብሎ ማዘን አያስፈልግም።

እኛ ጋ ያለው ምንድነው ካላችሁ፣ ለሮቦት በጣም የሚቀርበው ስም አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ያለው ኤሌክትሮሜካኒካል ነው። 5 ኪሎ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ባህር ዳር፣ ጅማ ኤሌክትሪካልም ሜካኒካልም አለ። ኤሌክትሪካል ገብታችሁ ኮንትሮል የሚለውን፣ ማሽን መቆጣጠር የሚያስተምረውን ስትሪም ካገኛችሁ ግማሹ ሮቦት ነው። ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ 5 ዓመት ነው፣ ኮምፒዩተር ሳይንስ 4፣ ከሁለቱ አንዱን ከተማራችሁ ሮስ የሚባለውን የሮቦት ሶፍትዌር በፓይተን ወይ በሲ ፕላስ ፕላስ በራሳችሁ ላፕቶፕ መጀመር ትችላላችሁ፣ ነጻ ነው፣ ሮቦት ባይኖራችሁ እንኳ ሲሙሌተር ላይ ታንቀሳቅሳላችሁ።

የኔ ምርጫ ኤሌክትሪካል ነው፣ በተለይ ገና ያልወሰነ ልጅ። ፕሮግራሚንግ ዩቲዩብ ላይ ይገኛል፣ ኮንትሮልና ሰርኪት ግን አፕላይድ ማትስ ደራርቦ አስተማሪ ካላስጨነቀህ ብቻህን ቁጭ ብለህ የምትጨርሰው አይደለም። ኮድ የሚጽፈው ልጅ አልተስማማም፣ «ቲቸር ፊዚክስ ስለሚያስተምሩ ነው» ብሎኛል። ሊሆን ይችላል። እሱ ደግሞ አይኮግ ላብስ የሚባለውን የአዲስ አበባ የኤአይ ካምፓኒ ነው የሚጠቅሰው፣ ሶፊያ የምትባለው ሰው የምትመስል ሮቦት ሶፍትዌር ላይ አዲስ አበባ ቁጭ ብለው የሰሩ ልጆች አሉ ይላል፣ ልክ ነው አሉ። እኔም መለስኩለት፣ ሶፊያ ሰኔ 2010 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ልትጎበኝ ስትመጣ አካላቷ ያለበት ሻንጣ ፍራንክፈርት ኤርፖርት ጠፍቶ መግለጫው ተሰረዘ፣ ሶፍትዌሩ ብቻውን መግለጫ አይሰጥም :)

አንድ አባት መጥተው «መምህር፣ ይሄ መጫወቻ እንጀራ ይሆናል?» አሉኝ፣ ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ሰው የሚመስል ሮቦት የሚሰራ መስሪያ ቤት እዚ አገር ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ግን የቢራና የለስላሳ ፋብሪካ ገብታችሁ ጠርሙስ የሚሞላውን መስመር እዩት፣ ሴንሰር፣ ሞተር፣ ፒኤልሲ የሚባል መቆጣጠሪያ፣ ያ መኪናችን ላይ ያለው ነገር ነው አድጎ። እሱ ሲቆም ፋብሪካው ይቆማል፣ የሚጠግነው ሰው ይፈለጋል። የሆስፒታል ማሽንም እንደዛው፣ ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ የሚባለውን ብዙዎቻችሁ ስሙንም አልሰማችሁትም። አባትየው ፋብሪካውን ስነግራቸው ነው ፊታቸው የተፈታው።

ደግሞ ሳልናገር ማለፍ የሌለብኝ፣ ዲፓርትመንት ስለፈለጋችሁት ብቻ አይደርሳችሁም። መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ፈተና አለ፣ ከዛ ፍሬሽማን አለ፣ ከዛ ውጤትና ያለው ቦታ ተያይቶ ነው የምትመደቡት። ክበቡ ውስጥ ቅዳሜ ሙሉ ሽቦ ሲበይድ ውሎ ፍሬሽማን ካልኩለስን የናቀ ልጅ ኤሌክትሪካልን በር ላይ ነው የሚያያት። ሁለተኛ ምርጫ የደረሰው ልጅም አያልቅስ፣ ሜካኒካል ሆኖ ኮድ መማር ይቻላል፣ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ሮቦት ማድረግ ይቻላል፣ ኢንተርንሺፕ ሲወጣ አውቶሜሽን ያለበት ፋብሪካ መርጦ ማመልከት ይቻላል። 11ኛ ክፍል ያላችሁ ደግሞ ማትሪክስን ለፈተና ብቻ አትሽምድዱት፣ ክንዱ ሦስት አጥንት ሲኖረው ኮሳይን ሎው ብቻውን አያዋጣም፣ ማትሪክስ ይመጣል።

ለ2018 ክንዱ ላብ ውስጥ የታችኛው ቁምሳጥን ውስጥ ነው ያለው፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። የተቃጠሉት ሁለቱ ሰርቮዎች አይጣሉ፣ ጥርሳቸው ያገለግላል። ምዝገባ መስከረም ላይ ነው፣ 9ኛ ክፍልም ይችላል። ወላጆች፣ ቤት ወይ መስሪያ ቤት የተበላሸ ፕሪንተር ካላችሁ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ለኛ ላኩልን፣ ውስጡ ሞተር፣ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግና ጥርስ አለው፣ እኛ መርካቶ በብር የምንገዛው ነገር ነው።