ጉዳዩ፦ ውሻችንን በጀልባ ለማሳፈር ገንዘብ ተቀብላችሁ ወደብ ላይ ስላስቀራችሁን

ጥር 26 ቀን 2012 ዓ.ም.
ለአስጎብኚና ጀልባ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልኝ። ጉዳዩን ለአራት ሠራተኞቻችሁ በስልክ ስለተናገርኩ ከሥሩ አልጀምርም። ትናንት አምስተኛዋ «የትኛው ውሻ?» ስላለችኝ ነው በጽሑፍ ያደረግኩት።

ቅዳሜ ጥር 16 ጠዋት ወደቡ ላይ የሆነውን ግን መናገር አለብኝ። ደረሰኙ እጄ ላይ ነው፤ በራሳችሁ ሰው የእጅ ጽሑፍ «ሰው 2፣ ውሻ 1» ይላል። ለውሻችን ለቡቺ ለብቻው 300 ብር ከፍለናል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካርዱን አምጡ ስትሉ አመጣን፤ የአፍ ማሰሪያ ግዙለት ስትሉ ገዛን። ወደ ዘጌ የሚሄደው ጀልባ ሊነሳ ሲል አስተባባሪያችሁ መንገድ ዘግቶ «ውሻውን እዛ ዛፍ ሥር እሰሩትና እናንተ ግቡ» አለን። ቡቺ 12 ዓመቱ ነው፤ አንድ ዓይኑ አያይም። በማያውቀው አገር አስሬው አልሄድም። ደረሰኙን ብዘረጋለት ዞር ብሎም አላየው። ይልቅ ቡቺን አቅፋ ወደቆመችው ባለቤቴ ዞሮ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ፣ «እመቤት፣ ልጅ ቢኖራችሁ ኖሮ ውሻ አታቅፉም ነበር» አላት።

ባለቤቴ ቃል አልመለሰችም። ጀልባው ከዓይን እስኪጠፋ የቡቺን ገመድ እጇ ላይ ስትጠመጥም፣ ስትፈታ፣ መልሳ ስትጠመጥም ነበር። ስለ ልጅ ምን እንዳሳለፍን ያ ሰው አያውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም። ዝም ማለት ግን ይችል ነበር።

ውሻ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንደማይገባ እናውቃለን። ለዚህም ነው አንዳችን ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመን ሥዕሎቹን አይተን እስክንመለስ፣ ሌላችን ዘጌ ወደብ ላይ ከቡቺ ጋር ልንጠብቅ የተስማማነው። «ምንም ችግር የለውም» ያላችሁት እናንተው ናችሁ።

ከተነሳ አይቀር፣ መኪናችሁ ጠዋት ሆቴል የደረሰው 50 ደቂቃ አርፍዶ ነው፤ ሹፌሩም ቡቺን ሻንጣ ቦታ ካልከተትኩ ብሎ ተከራክሮናል። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ያሳያችኋል የተባለው ሰው ስልኩን ዘግቷል። ከሰዓት ቤዛዊት ኮረብታ የወሰደን ከመንገድ ያገኘነው የባጃጅ ልጅ ነው። ለቡቺ ጆንያ አነጠፈለት፤ ዓባይንና ከተማውን ከላይ አይተን እስክንጠግብም ጠበቀን። ለውሻው ብሎ የጨመረብን ሂሳብ የለም።

መጀመሪያ ስደውል የጠየቅኩት 300 ብሩን ብቻ ነበር። አሁን ግን የቀኑ ክፍያ በሙሉ እንዲመለስልኝ፣ አስተባባሪው ራሱ ባለቤቴን በጽሑፍ ይቅርታ እንዲጠይቅ እፈልጋለሁ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በትህትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብም የመጠበቅ መብት አለው ይላል። በ10 ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘሁ ደረሰኙን ይዤ ወደ ከተማው ንግድ መምሪያ እሄዳለሁ።

አስተባባሪው «ኮፒ አድርጌ እመልሳለሁ» ብሎ የወሰደው የቡቺ የክትባት ካርድም አልተመለሰም። ዋናው ነው፤ ላኩልኝ።

ከሰላምታ ጋር