በሣጥኖቹ መካከል ያለው ነጭ ቦታ፦ የሥዕላዊ ትረካ ክበብ ዓመት

ዓመቱን በ14 ተማሪዎች ጀምረን በ23 ጨረስን። ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ላይ ተሰብስበን ግራፊክ ኖቭል፣ ማለትም ታሪኩን በተከታታይ ሥዕሎች የሚተርክ መጽሐፍ፣ እናነባለን። ገና በመጀመሪያው ወር አንዲት እናት መጥተው "ቲቸር፣ ይሄ ግራፊክ ኖቭል የምትሉት የልጆች ካርቱን አይደለም እንዴ? ለፈተናስ ምን ይጠቅማል?" ብለው ጠየቁኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ይህን ዘገባ ስጽፍ እሳቸውም በሐሳቤ አሉ።

መጀመሪያ የቸገረን ፍጥነት ነው። ልጆቹ ጎበዝ አንባቢዎች ናቸው፣ ግን ዓይናቸው ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ብቻ እየዘለለ ሥዕሉን አልፎት ይሄዳል። አንድ ገጽ ሰጥቼ ሰዓት ስይዝ ብዙዎቹ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልቆዩበትም። ስለዚህ ሕግ አወጣን፤ ለአንድ ገጽ አሥር ደቂቃ፣ ያውም መጀመሪያ ጽሑፉን በወረቀት ሸፍነን።

የጀመርነው ኢራናዊቷ ማርጃን ሳትራፒ ስለ ልጅነቷ በሠራችው በፐርሰፖሊስ ነው። ጥቁርና ነጭ ስለሆነ የፎቶኮፒ ማሽናችን እንኳ አላበላሸውም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ፀጉሯን ተሸፍና ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1980 ነው። ቀጥሎ በክፍል ፎቶ ላይ ጓደኞቿ እንደ እሷ ተሸፍነው ተደርድረዋል፣ እሷ ግን ዳር ስለተቀመጠች የሣጥኑ፣ ማለትም ሥዕሉን የሚያጥረው ክፈፍ፣ ጠርዝ ቆርጧታል። ጽሑፉን እንደሸፈንን ብዙ ዝም ተባለ። ከዚያ ሁሌም ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ "ቲቸር፣ ከፎቶው ያስወጣት እኮ ሣጥኑ ነው" አለች። ሻርፑ በትምህርት ቤት ግዴታ መሆኑን የሚናገረውን ጽሑፍ ገና አላነበበችም። ያን ቀን ክበቡ በእግሩ ቆመ ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ የአርት ስፒገልማንን ማውስ ያዝን። አባቱ ከናዚዎች እልቂት የተረፉ የፖላንድ አይሁድ ነበሩ። ታሪካቸውን ሲሥል አይሁዶቹን አይጥ፣ ጀርመኖቹን ድመት አደረጋቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘው በዚህ ሥራ ነው። አንድ ሣጥን ላይ አባትና እናቱ መሄጃ አጥተው ባዶ መንገድ ላይ ይሄዳሉ። ልጆቹ "ሁለት ሰው መንገድ ላይ" ብለው ሊያልፉት ነበር። መጽሐፉን ራቅ አድርጌ ስይዘው ግን መንገዱ ራሱ የናዚዎቹን ምልክት ቅርጽ ይዟል። በየት ቢሄዱ ከእሱ አይወጡም። ይህን በቃላት ለማስረዳት ስንት አንቀጽ ይፈጅ ነበር!

ዓመቱን ሙሉ የተከራከርንበት ግን በሣጥኖቹ መካከል ያለው ነጭ ቦታ ነው። እዚያ ምንም አልተሣለም፣ ታሪኩ ግን የሚራመደው እዚያ ነው፤ የጎደለውን የሚሞላው አንባቢው ስለሆነ። ይህ ደግሞ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አንድ ተማሪ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የንግሥተ ሳባን ሥዕል ጠቅልሎ አመጣልን። በየቤቱ የምናውቀው ዓይነት ነው፤ 44 ሣጥን፣ ከግራ ወደ ቀኝ የሚነበብ፣ በየሣጥኑ አጭር የአማርኛ ጽሑፍ ያለው። ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን በጣታችን እየተከተልን አነበብነው። በአንዱ ሣጥን ንግሥቲቱ ከሰሎሞን ግብር ላይ ትበላለች፣ በሌላው ሌሊት ተነሥታ ውሃ ትጠጣለች። ጥሙን ማንም አልሣለውም። ያ ቅመም የበዛበት ምግብ ጉሮሮዋን ሲያቃጥላት የምናየው እኛው ነን። ሥዕሉን ያመጣው ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሥሩ ተቀምጦ ቴሌቪዥን እያየ ነው ያደገው፣ እና አንድም ቀን አንብቦት እንደማያውቅ ሲነግረን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችንም አነሣን። ቅዱሳኑ ፊታቸው ሙሉ ነው፣ ሁለት ዓይናቸው ይታያል፤ ክፉዎቹ በጎን ይሣሉና አንድ ዓይን ብቻ ይኖራቸዋል። ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ሰው ማን ምን እንደሆነ ወዲያው ይነግሩታል። ልጆቹ ከዚያ በኋላ በየመጽሐፉ "ይሄ ሰውዬ ለምን ፊቱን አዞረ?" ማለት ጀመሩ።

ሁለተኛው መንፈቅ የራሳችን ሥራ ነበር። መብራት እየጠፋ ፕሮጀክተሩን ብዙም አልተጠቀምንበትም፣ እርሳስና ወረቀት ግን በቃን። ያቺ የ9ኛ ክፍል ልጅ የውሃ ወረፋን ሣለች። መጀመሪያ ያመጣችው ገጽ በንግግር ተሞልቶ ነበር፤ አንዷ ጎረቤት ታማርራለች፣ ሌላዋ ትመልሳለች። "ንግግሩን በሙሉ ብታወጪውስ?" አልኳት። አኮረፈች። ሳምንት ቆይታ ስትመጣ ሦስት ሣጥን ብቻ ቀርቷል። በመጀመሪያው ቢጫ ጄሪካኖች ተሰልፈዋል፣ ሰው የለም፣ ጥላቸው ወደ ግራ ወድቋል። በሁለተኛው ያው ሰልፍ፣ ያው ጄሪካኖች፣ ጥላቸው ግን ወደ ቀኝ ዞሯል። በሦስተኛው የቧንቧው አፍና አንዲት ጠብታ። ሙሉ ቀን በሁለት ጥላ አሳየችን። እኔ መምህሯ ይህን አላስተማርኳትም።

በወላጆች ቀን ገጹን ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። እነዚያ እናት ፊቱ ቆመው ቆዩ። ጣታቸውን መጀመሪያው ጥላ ላይ አሳረፉ፣ ከዚያ ሁለተኛው ላይ፤ ምንም ሳይናገሩ እንደገና ወደ መጀመሪያው ተመለሱ።