ያቺ «የአቧራ ክዳን» ስም አላት

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

በርካሽ ኔትወርክ ስለመዘርጋት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ዓይኔን ስላላመንኩት ነው።

ጥሩውን አልክድም። አሮጌ ኮምፒውተሮችን የቲቪ ኬብል በሚመስለው ቀጭን ኮአክሲያል ኬብል ማያያዝ ይቻላል። ሃብ የሚባለው ማገናኛ ሳጥን አያስፈልግም፤ ኬብሉ ከማሽን ወደ ማሽን እየተቀባበለ ይሄዳል። ለአንድ መስመር 185 ሜትርና 30 ማሽን ማለታችሁም ልክ ነው። «የቲቪ ኬብልም ይሆናል» ያላችሁት አይሆንም፤ እሱ 75 ኦም ነው (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው)፣ የሚፈለገው 50። ዛሬ ግን በእሱ አልጣላችሁም። የኔ ጠብ ከቆቧ ጋር ነው። ጸሐፊያችሁ በሁለቱ ጫፍ የምትገጠመው ትንሽ ቆብ የአቧራ መከላከያ ስለሆነች ብትቀርም ችግር የለውም ብለዋል።

ችግር የለውም!

ያቺ ቆብ ተርሚኔተር ትባላለች። ሆዷ ውስጥ የ50 ኦም ረዚስተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የሚቋቋም ትንሽ ዕቃ፣ አለ። ጫፍ የደረሰውን ሲግናል ውጣ ታስቀረዋለች። እሷ ከሌለች ሲግናሉ ግድግዳ እንደመታ ኳስ ይመለሳል። ቮልቴጁም ከልኩ በላይ ይወጣና ማሽኑን ከኬብሉ ጋር የሚያገናኘው የኔትወርክ ካርድ ሌላ ማሽን አብሮት የሚናገር ይመስለዋል። ስለዚህ ያቋርጣል። ደግሞ ይሞክራል፣ ደግሞ ያቋርጣል። የሚጠፋው የጫፉ ማሽን ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ መስመሩ በሙሉ ነው ጸጥ የሚለው።

ይህን የተማርኩት በጉልበቴ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ 14 ማሽኖች ባንዴ ዝም አሉ። ጠረጴዛ ሥር እየዳኸሁ ኬብሉን ከየማሽኑ ካርድ ጋር የሚያያይዙትን ቲ-ኮኔክተሮች አንድ በአንድ ስነካካ መሸ። ሱሪዬ ተቀደደ። አለቃው በየአሥር ደቂቃው ብቅ እያሉ «አላለቀም?» ይሉኛል። መጨረሻ ላይ አንዱን ቲ ከካርዱ ነቅዬ በቴስተር ለካሁት። ሁለቱም ጫፍ ደህና ቢሆን 25 ኦም ገደማ ማንበብ ነበረበት፤ ሁለት 50ዎች ጎን ለጎን ናቸዋ፣ እንዲህ ሲሆኑ የሚነበበው ግማሹ ነው። 50 አነበበ። አንዷ የለችም!

የት ተገኘች? መሳቢያ ውስጥ፣ ከአግራፍ ጋር። አንድ ሠራተኛ ምንም የማትሠራ መስላው ነቅሎ አስቀምጧታል። እሱስ ቢያንስ ለሕዝብ አልጻፈውም።

ዘገባው «ባለሙያዎች እንደሚሉት» ይላል። የትኞቹ? የጠቀሳችሁት አንድ ኮምፒውተር ሻጭ ብቻ ነው። ዕድሜያችንን ኬብል ስንጎትት የኖርነውን ቴክኒሺያኖች ለመጠየቅ ምን ነበረበት? ስልክ እናነሳለን እኮ፤ ጠረጴዛ ሥር ሆነንም ቢሆን። አሁን አንባቢ ቆቧን ይነቅልና ማታ የሚደውለው ለናንተ አይደለም፣ ለእኛ ነው።

እርማቱን ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ እጠብቃለሁ። እግረ መንገዳችሁንም ፎቶውን እዩት። በግራ በኩል ያለው ቲ አንድ ጎኑ ባዶ ነው፤ ኬብልም ቆብም የለውም። ከሥሩ ግን «ኔትወርኩ በሥራ ላይ» ብላችሁ ጽፋችኋል።

አንድ የኔትወርክ ቴክኒሺያን