የአረጋውያን የደም ግፊት ቆመውም ይለካ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ልብ ምት የወጣው ጽሑፍ ጠቃሚ ቢሆንም፣ እኩል የሚመታ ልብን ሁሉ ጤነኛ፣ ፈጠንና ዘግየት የሚለውን ሁሉ በሽተኛ አድርጎ ማቅረቡ አንባቢን፣ በተለይም አረጋውያንን፣ እንዳያሳስት እሰጋለሁ።

ጤነኛ ወጣት የእጁን አንጓ በጣቶቹ ይዞ 5 ሰከንድ ያህል አየር ቢስብና 5 ሰከንድ ያህል ቢያስወጣ፣ ምቱ ሲስብ ሲፈጥን፣ ሲያስወጣ ሲዘገይ ይሰማዋል። ጀርመናዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ካርል ሉድቪግ ይህን ትስስር በ1847 እ.ኤ.አ. በመሣሪያ መዝግቦ አሳይቷል። ምክንያቱ ቫገስ የተባለው ልብን የሚያዘገይ ነርቭ ነው፤ አየር ስንስብ ይላላል፣ ስናስወጣ ይጠብቃል። በወጣቶች ዘንድ ልዩነቱ በደቂቃ ከ15 ምት በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን እየጠበበ ይሄዳል፣ የስኳር በሽታ ሲታከልበት ደግሞ ፈጽሞ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የአንድ አዛውንት ምት እኩል መሆኑ ብቻውን «ልብዎ የወጣት ነው» አያሰኝም። በአንጻሩ ከትንፋሽ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው፣ ሥርዓት ያጣ ምት ከተገኘ ለስትሮክ የሚያጋልጥ የልብ ችግር ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይውል ሳያድር በኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በሚመዘግበው መሣሪያ) መታየት አለበት።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከመቀመጫ ስንነሳ የሚሆነው ነው። ስንቆም ደም ወደ እግር ይወርዳል፤ በአንገት ደም ቧንቧዎች ላይ ያሉ ግፊት ጠቋሚዎች ይህንኑ ለአንጎል ያስታውቃሉ፣ ቫገስ ይለቃል፣ ልብም በሰከንዶች ውስጥ ይፈጥናል። በእርጅና ቧንቧዎቹ ስለሚደድሩ ጠቋሚዎቹ ይዳከማሉ፣ ልብም ለአድሬናሊን፣ ማለትም ልብን ለሚያፈጥነው ሆርሞን፣ የሚሰጠው ምላሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሲቆሙ የደም ግፊት ሊወርድ ይችላል። ከስግደት ቀና ሲሉ «ዓይኔን ጨለም አደረገኝ» የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ቤተሰብም «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ከዚያ ወድቀው ዳሌያቸው ሲሰበር ነው ሁሉም የሚደነግጠው።

በማውቃቸው ጤና ጣቢያዎች ግን ግፊት የሚለካው በሽተኛው አግዳሚ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ለ5 ደቂቃ አስተኝቶ ለክቶ፣ ከዚያ አስነስቶ በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ መድገም ከዚያው መሣሪያ በቀር ምንም አይጠይቅም። ተኝተው ከተለካው ይልቅ የላይኛው ግፊት በ20 ወይም የታችኛው በ10 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ችግር አለ። የልብ ምቱም አብሮ ይመዝገብ፤ ግፊቱ ወርዶ ምቱ እምብዛም ካልጨመረ ጥፋቱ የነርቭ ሊሆን ይችላልና። ምቱ በደንብ ከጨመረ ደግሞ የውኃ እጥረትን፣ የደም ማነስን ወይም ሽንት የሚያበዛውን የግፊት መድኃኒት መጠርጠር ይቀድማል። መድኃኒቱን ግን ሐኪም ሳያማክሩ ማቋረጥ አይገባም።

ዓምዳችሁ ይህን አለካክ በስፋት ቢያስተዋውቅ፣ ነርሶቻችንም ቢያንስ የስኳር ሕሙማን ከሆኑት አረጋውያን ቢጀምሩት እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣች ነርስ፣ አዲስ አበባ